መኪናዋ ያነሳችው ስልክ

ይህን የምጽፍላችሁ ንዴቴ በርዶልኝ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሰው «ጊዜ ይሽረዋል» ብሎኝ ነበር። ጊዜም አልሻረውም፣ እኔም ሻርልኝ ብዬ አልለመንኩትም። ስለዚህ የተናደደች ሴት ጽሑፍ ነው ብላችሁ አንብቡት።

ስሜ ውባለም ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ትውልዴ ይፋግ አጠገብ ካለ ገጠር ነው፤ አባቴም እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው ሲያርስ ኖሯል። ባለቤቴ ጌትነት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። እኔ ደም ግፊት አለብኝ። ይህን ደም ግፊት አስታውሱልኝ፣ ኋላ ላይ ሰበብ ሆኖ ይመጣል።

እናቴ የሞተችው እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ፈተና ላይ ተቀምጬ ነው። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ፈተናዋን ሳትጨርስ አይነገራት ብሎ ወሰነ። ስደውል አንድ ቀን እናትሽ ገበያ ሄዳለች፣ ሌላ ቀን ለቅሶ ሄዳለች እያሉ አቆዩኝ። የሄደችበት ለቅሶ የራሷ ነበር። ፈተናውን ጨርሼ ቤት ስገባ መቃብሯ ላይ ሣር ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ያን ጊዜ አባቴን ይዤ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስብኝ፣ ቢታመምም ራሱ እንዲደውልልኝ አስማልኩት። እሱም ማለልኝ። አባቴ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። የባሌ ታናሽ ወንድም መላኩ ነጋዴ ነው። ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ሲመጣ መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለነበረች ስክሪኗ ከቻይንኛ ሌላ አታውቅም። ቀበቶ እሰሩ ትበል፣ ባትሪ አለቀ ትበል፣ የሚገባው አልነበረም። መላኩ ባሕር ዳር ወስዶ ሶፍትዌር ያድሳል ለተባለ ባለሙያ ሰጣት። ስትመለስ እንግሊዝኛ ለምዳለች፣ ከስልኩም ጋር በብሉቱዝ ትገናኛለች። ነገር ግን አንድ ክፉ አመል ይዛ መጣች። ስልክ ሲደወል ማንም ሳይነካት ራሷ አንስታ በስፒከር ትለቀዋለች። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ጭኖ ለእርቅ ሲሄድ ሚስቱ ደወለችና ስለ ማታው ስካሩ ያወረደችበትን ስድብ ሽማግሌዎቹ ከዳር እስከ ዳር ሰሙት። ይህን ሲያወራልን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። አስተካክይልኝም ብሎኝ ነበር። አንድ ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው፣ አንድ ቀን ጎራ በል አልኩት፤ በዚያው ቀረ።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ትምህርት ተዘግቶ ቤት ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ጌትነት ገና በጠዋቱ ከቢሮ ተመልሶ መጣ። አባቴን ትንሽ እንዳመመውና ጤና ጣቢያ እንደወሰዱት፣ መላኩ በመኪናው እንደሚያደርሰን ነገረኝ። ክፉኛ ነው ወይ ስለው አይደለም አለ። ስልኬን አቀብለኝ ልደውል ስለው ቻርጅ ላይ ነው፣ ይዤልሽ እወጣለሁ አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብተን ከከተማ ስንወጣ ስጠይቀው፣ ኪሱን ደባብሶ «ውይ፣ ረሳሁት» አለ። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትዳር ነውና አመንኩት።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሞልቶ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩኝ፣ ምነው ብላቸው ብርዱ ነው አሉኝ። ልጆቼን ማን ጋ እንተዋቸው ሳልል ቀድሞ ሰው ተገኝቶላቸዋል። ጌትነት የልብስ ቦርሳዬን ራሱ አዘጋጅቷል፤ ጥቁሩን ቀሚሴን ከታች አጥፎ እንዳስቀመጠው ያየሁት በኋላ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መንገዱ ላይ ጉም ወርዶ ነበርና መላኩ ቀስ እያለ ይነዳል። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ይንዘረዘራል። ያቆምና ደግሞ ይንዘረዘራል። ለምን አታነሳም አልኩት። መኪናዋና ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አልገናኝ እንዳሉት፣ እየነዳ ደግሞ ስልክ እንደማያወራ ነገረኝ። መላኩ! በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ጎንደር ድረስ የሚሄደው መላኩ! ስክሪኑን ከኋላ አየሁት፤ ምንም ስልክ አልተገናኘም ይላል። አባቴ ታሞ የሚደውልልን ሰው ሊኖር ይችላል፣ ካለነው ውስጥ ስልኩ የሚደወልለት እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ አያነሳም። ነደደኝ። ጌትነትን ያንተስ ስልክ ስለው ካርድ የለኝም ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ዓለም በር ስንደርስ ምሳ እንብላ አሉ። እኔ አልርበኝም፣ እንሂድ አልኩ። ባዶ ሆድሽን የታመመ ሰው አትጠይቂም ብለው አስገደዱኝ። እንቁላል ፍርፍር መጣ። መላኩ ያንን የሽማግሌዎቹን ወሬ እንደ አዲስ አነሳው፣ የሚስቱን ድምፅ እያስመሰለ፣ የአንደኛውን ሽማግሌ ሳል እየጨመረበት። ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ጌትነት ትሪው ላይ እንዳቀረቀረ ነበር፤ አልሳቀም። አባቴ ተገንዞ ተኝቶ እኔ እንቁላል ፍርፍር እየጎረስኩ እስቅ ነበር። ከሁሉም፣ ከሁሉም ይህችን ሳቅ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

በልተን እንደወጣን መላኩ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል ብሎ መኪናው ውስጥ ሰክቶት፣ እሱና ጌትነት ጎማ እንይ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ። ጎማው አራት ነው፣ እነሱ ግን አንዱ ጋ ቆመው ይንሾካሾካሉ። ከኋላ ወንበር ተንጠራርቼ ስልኩን አነሳሁት። የመክፈቻ ቁጥሩን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ያልተነሱ ጥሪዎች ነበሩ፣ ሁሉም ከአጎቴ፣ ከአባቴ ታናሽ ወንድም ከጋሽ ይርጋ። እንግዲያው አንተ ካላነሳህ መኪናዋ ታንሳልህ አልኩ በልቤ። ብሉቱዙ አልተበላሸም ነበር። መላኩ ያን ጠዋት ስልኩን ሆን ብሎ ከመኪናዋ ሰርዞታል። ለምን እንደሰረዘው መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የኮምፒውተር መምህርት ነኝና የተሰረዘ ነገር ሳይ እጄ መልሶ ያገናኛል። መኪናዋን ፈልጊ አልኳት፣ ፈለገች፤ ስልኩን ተቀበል አልኩት፣ ተቀበለ። ለጋሽ ይርጋ መልሼ ልደውል ስል መላኩ በሩን ከፍቶ ስልኩን ከእጄ መነጨቀ። መነጨቀ ነው የምላችሁ። እኔን፣ የታላቅ ወንድሙን ሚስት፣ ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቅ ልጅ።

ተጣላን። ሰው የደወለው ስለ አባቴ ቢሆንስ አልኩት። ነገ ትሰሚዋለሽ አለ፣ ከዚያ ደነገጠና ዛሬ ማለቴ ነው አለ። ጌትነት በመሃል ገብቶ ተዉ፣ እንሂድ አለ። ቁልቁለቱን ጀመርን። ስክሪኑ ላይ ካርታ ስለነበር ከጥግ ያለችውን ትንሽ የስልክ ምልክት መላኩ አላያትም።

የፎገራ ሜዳ ከታች ብቅ ሲል ስልኩ ጮኸ። በኪሱ ውስጥ አይደለም፣ በአራቱም ስፒከር። መላኩ እጁን ሲሰድ መኪናዋ ቀደመችው፤ አነሳችው።

«መላኩ፣ ምነው ስልክ አታነሳም?» የጋሽ ይርጋ ድምፅ ነው፣ ከኋላው የቄስ ዜማ ይሰማል። «ፍትሐቱ ተጀምሯል፤ በዘጠኝ ሰዓት እናሳርፈዋለን። ልጅቱን ወረታ እህታችን ቤት አሳድሯት። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እናረዳታለን። አደራ፣ ቃል እንዳያመልጣችሁ።»

አባቴ መሞቱን በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። አብሬም ሌላ ነገር አወቅሁ። ሊደብቁኝ ብቻ ሳይሆን፣ ለይፋግ ቅርብ የሆነችው ወረታ ላይ አስቀምጠውኝ ያለ እኔ ሊቀብሩት ነው።

«ጋሼ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ውቤ። ሰምቻለሁ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ።

«አንቱም ዋሹኝ፣ ጋሼ? እናቴን አልቀበርኩም። አባቴን ያለ እኔ እንዳትቀብሩት። እየመጣሁ ነው።»

መልሱን አልሰማሁም። መላኩ እያለቀሰ ስክሪኑን በመዳፉ ይደበድበው ነበር፣ የማጥፊያ ቁልፉንም ተጭኖ ይዟል። ድምፁ ተቋረጠ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ ያቆማት በደመ ነፍስ ነው። ጌትነት ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። አትንካኝ አልኩት። በጌትነት ስልክ ለጋሽ ይርጋ ደወልን፤ ካርድ የለውም የተባለው ስልክ ካርድ ሞልቶበታል። የጋሽ ይርጋ ግን ተዘግቷል። ይጠብቁኝ፣ አይጠብቁኝ የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

ንዳ አልኩት መላኩን። አትሄድም አለኝ። ያቺ መኪና ማርሽ የምትቀይረው በስክሪኑ በኩል ነው፣ ስክሪኑ ደግሞ በርቶ ሲመጣ የባሕር ዳሩን እድሳት ሁሉ አራግፎ በቻይንኛ ነበር። ጭነቱ የት እንደደረሰ የምታሳየው መስመር ትንሽ ሄዳ ቆማለች፤ ሶፍትዌሩን እንደገና ልጫን ብላ ኢንተርኔት እየጠበቀች ነው። ያለፈው ሚኒባስ ሞልቶ አለፈ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ጌትነት ሰው እስኪያነሳን እንጠብቅ አለ። ተነስ አልኩት መላኩን፣ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ። የማታነቡት ስክሪን ሲገጥማችሁ ፊደሉን ተዉት፣ ምልክቱን ተከተሉ እላቸዋለሁ። የማርሽ ጥርስ የምትመስለው ቅንብር ናት፣ ወደ ኋላ የምትዞረው ቀስት መመለሻ ናት። አባቴ በሞተ ቀን ይህንኑ ራሴን አስተማርኩ። እንባዬ ስክሪኑ ላይ ይንጠባጠባል፣ በጣቴ ስጠርገው ያልፈለግሁት ገጽ ይከፈታል። እሱን ስዘጋ ሌላ ይንጠባጠባል። ጌትነት መሐረቡን አውጥቶ ስክሪኑን ይጠርግልኝ ጀመር። ፊቴን እንዲጠርግ አልፈቀድኩለትም፣ ስክሪኑን ግን ተውኩት። አዲሱን ጭነት ብቀጥል በዚያ ኔትወርክ እስከ ማታም አያልቅ። ሰርዤ ወደ ነበረበት መለስኩት። ስክሪኑ ጠፋ፣ ረጅም ጊዜ ጠፋ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝ። በዚያን ሰዓት በድንጋይ ብሰብራት ደስ ባለኝ። መሪውን ለመላኩ መልሼ ንዳ አልኩት።

ወረታ ስንገባ መላኩ ወደ አክስቴ ቤት መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ብትቆም ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት። አልቆመም። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ከፊቴ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ አየሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ሰው ዛፍ ሥር፣ ጃንጥላ ሥር፣ ጋቢ ሥር ተጠግቶ ቆሟል። ከቀብር ተመልሶ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ሮጥኩ። አስከሬኑ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው፣ ጋሽ ይርጋ ከፊቱ እንደ አጥር ቆመዋል፣ ጋቢያቸው በስብሷል። አልቀበሩትም ነበር።

«ድምፅሽን ከሰማሁ በኋላ አፈር ልመልስበት አልቻልኩም» አሉኝ። «ካህናቱን ለምኜ አስቆምኳቸው።»

ስለዚህ ለአባቴ አለቀስኩለት፣ ፊቱን ባላይም መግነዙ ላይ እጄን አሳረፍኩ፣ ቀበርኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ፣ ሰውም እንዲያ ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን አፈሩ ሲመለስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በዝናብ ለማቆም የበቃው አንድ ስልክ ነው። ጎህ ሲቀድ ቢደውሉልኝ በቂ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ለምን ከለከሉኝ?

ይህን ማታ ድንኳን ውስጥ ጋሽ ይርጋ ከጎኔ ሲቀመጡ ጠየቅኋቸው። ደም ግፊትሽን ፈራን አሉ። መንገድ ላይ ብትወድቂስ አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ሌላ ነገር ነገሩኝ። ባይነግሩኝ ይሻል ነበር ልል እየፈለግሁ አልችልም፤ ሙሉ ጽሑፉ የተጻፈው የዚህን ተቃራኒ ለማለት ነው።

«አባትሽ ትናንት ማታ ስልክ አምጡልኝ ብሎ ነበር» አሉ። «ለውቤ ልንገራት፣ ቃል አለብኝ አለ። እኛ ነን መሽቷል፣ ትደነግጣለች፣ ነገ አስመጥተን ታይሃለች ብለን ያባበልነው። ሁለት ጊዜ ጠየቀን።»

«ስልኩ የት ነበር?» አልኳቸው።

«እዚሁ» አሉ። ደረታቸውን ነኩ። «ኪሴ ውስጥ።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ለሽማግሌ ሰው የማይባል ነገር እንዳልኩ ይነግሩኛል። በአርባው እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ስለ አፌ እንጂ ስለ ንዴቴ አይደለም። እሳቸውም ልዩነቱ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ትከሻዬን ይዘው አለቀሱ እንጂ አልመረቁኝም።

ባህላችን ነው የሚሉኝን አውቃለሁ። መርዶ በጠዋት፣ በቤት፣ በዘመድ መሃል ይነገራል። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይደነግጥ፣ የሚይዘው እጅ እንዳያጣ ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው፣ አልክድም። እኔም ያደግሁበት ነው። መልእክተኛ በእግሩ ወንዝ ተሻግሮ በሚመጣበት ዘመን ሐዘንተኛው ከቀብር መቅረቱ የማንም ጥፋት አልነበረም። ዛሬ ግን ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ የምናደርገው ማዘን አይደለም፤ ለሌላ ሰው መወሰን ነው። ደም ግፊቴ የኔ ነው። ብወድቅም የምወድቀው ለአባቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከጌትነት ጋር ለረጅም ጊዜ በልጆቻችን በኩል ነበር የምንነጋገረው። አሁን እንነጋገራለን፣ ግን «ረሳሁት» ሲለኝ እጄ ራሱ ኪሱን ይፈትሻል። እሱም ኪሱን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ የሞትኩ ዕለት ፈተና ላይ ብትሆኑም፣ መንገድ ላይ ብትሆኑም፣ ሰው ቀጥታ ይነግራችኋል፤ ከዚያ ማልቀስም መውደቅም የእናንተ ነው። ታናሽየዋ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን ትይዛለች። ታላቅየው ግን እሺ ብሎኛል።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምናልባት ነገ እናንተም መኪና ውስጥ፣ ቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው ከማያውቅ ሰው አጠገብ ትቀመጡ ይሆናል። ሽማግሌዎች አትንገሩ ብለዋችሁ ይሆናል። መንገር ቢያቅታችሁ እንኳ ቢያንስ አታስቁት።

መላኩ እስከ ዛሬ ያችን መኪና ይነዳል። በመጣ ቁጥር «እትዬ፣ ያን ነገር አጥፊልኝ፣ አሁንም ስልኬን ራሷ ታነሳለች» ይለኛል። ሙያዬ ነው፣ አንድ ምልክት መንካት ብቻ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅብኝ። አላጠፋሁለትም።